ይስማው ስንት ኪሎ ነው?

በእኛ አገር ሰው አንድን ነገር አንዴ አየት አድርጎ ሲፈርድ የምንለው አባባል አለ። ልጆች ከጥንት የወረደ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ሲወለድ ቆሜ አይቻለሁ። ያውም በቆሰለ እግሬ፣ የሕክምና ወረፋ ይዤ።

በዚያ ክረምት ወንዛችን ሞልቶ የጤና ኬላውን ግድግዳ ገምሶ፣ መደርደሪያውንም ሚዛኑንም ጠርጎ ወሰደው። የጤና ረዳቱ ልሳነወርቅ በበቅሎ መድኃኒት አስመጥቶ፣ ሾላው ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ያክመን ጀመር። እጁ ፈጣን ነው፤ አፉም እንደዚያው። የከብት ነጋዴ ልጅ ስለነበር፣ "አባቴ በሬ በዓይኑ ይመዝን ነበር፤ እኔስ ምን አነስኩ?" ይላል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንጓች የምትባል ሴት የሰባት ዓመት ልጇን ይስማውን አዝላ፣ ከቆላው የሦስት ሰዓት መንገድ እየሮጠች መጣች። ልጁ በወባ ራሱን ስቷል። በአባቱ ካፖርት ተጠቅልሎ እግሩ ብቻ ተንጠልጥሏል፤ እግሩ ደግሞ ረጅም ነው።

ልሳነወርቅ ደም ሥሩን ዳበሰና፣ "መርፌ ያስፈልገዋል፤ መጠኑ በኪሎ ነው" አለ። ልጁን ከላይ እስከ ታች አየው። "ሃያ አምስት!" ብሎ መድኃኒቱን በመርፌው ሳበ።

"ኧረ ዶክተር፣ ሃያ አምስት አይሆንም!" አለች አንጓች።

"እህቴ፣ ኪሎ ታውቂያለሽ?"

"ኪሎ አላውቅም። ጀሪካን ግን አውቃለሁ። በየቀኑ ባለ ሃያ ሊትሩን ሞልቼ ዳገት እወጣለሁ። ልጄ ከዚያ ይቀላል፤ አራት ጣት ጎደል ያለ ጀሪካን ነው።"

"ሴትዮ፣ ባለሙያውን አታስቸግሪ! ልጁ ሊሞትብሽ ነው!" ብሎ ወረፋው ተንጫጫ። ልሳነወርቅ መርፌውን ሲያስጠጋ እጁን ለቀም አደረገችው።

"ቢበዛበትስ? ምን ይሆናል?"

ጤና ረዳቱ መርፌውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ልቡን ያቆመዋል" አለ።

ያን ጊዜ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አያ ዋሴ፣ ብድግ አሉ። "ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ቀንበር አምጡ! ጀሪካን አምጡ!"

ሰፈሩ ተተራመሰ! አንዱ ቀንበር ይዞ ከተፍ አለ፤ አንዱ በመጫኛ ገመድ የቀንበሩን ወገብ አስሮ ከሾላው ቅርንጫፍ ሰቀለው። ካፖርቱን ገፈው ልጁን በጋቢ አዝለው በቀንበሩ አንድ ጫፍ ላይ አንጠለጠሉት። ካፖርቱ ሲወልቅ የጎድን አጥንቱ ተቆጠረ። የጋቢው ክብደት እንዳይደመር በሌላው ጫፍም ጋቢ ሰቅለው፣ ባዶ ጀሪካን አሰሩበት።

ልሳነወርቅ የአንድ ሊትር ጠርሙሱን ይዞ፣ "አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው!" እያለ ይቀዳ ጀመር። እኛም አብረን ቆጠርን። አሥር! አሥራ አንድ! ቀንበሩ አልነቃነቅ አለ። አሥራ ሦስት! የልጁ ጫፍ ከፍ አለ። አሥራ አምስት ስንል ቀንበሩ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘና ልክ እንደ ወለል ተስተካክሎ ረጋ። ሰዉ በእልልታ አበደ።

ልሳነወርቅ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። "ጀሪካኑ ራሱ አንድ ኪሎ ነው። አሥራ ስድስት" አለ። ትርፉን መድኃኒት መሬት ላይ አፈሰሰና፣ ለአሥራ ስድስት የሚገባውን ብቻ አስቀርቶ ወጋው።

ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። እኔም ቁስሌን ረሳሁት። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ይስማው ላብ በላብ ሆነ፤ ዓይኑን ገለጠና፣ "እናቴ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው?" አለ። አንጓች እግሩን አቅፋ ታለቅሳለች።

ልሳነወርቅ አጠገቧ ተንበረከከ። "ይቅር በይኝ፣ እህቴ። እኔ ስንት ዓመት ተምሬ ስስት አንቺ እንዴት አወቅሽ?"

አንጓች ልጇን አንስታ ጀርባዋ ላይ አደላደለች። አያ ዋሴ በከዘራቸው መሬቱን መታ አድርገው በእሷ ፈንታ መለሱ፤ "ልጄ፣ ዓይን ይገምታል፣ ጀርባ ያውቃል።"