ባለ ቀይ ሹራቧ ተማሪ

በአንድ ትልቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውጭ አገር ሄዶ የመማር ዕድል መጣ፤ ዕድሉ ግን ለአንድ ተማሪ ብቻ ነው። መራጩ ፕሮፌሰር ደምመላሽ ናቸው። እሳቸው ደግሞ፣ መቼም እንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም፣ የማያውቁት ነገር ያለ አይመስላቸውም። ከክፍለ ሀገር የመጣች አንዲት ተማሪ ማመልከቻዋን ብትሰጣቸው፣ ሳያነቡ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«አንቺ ባለ ቀይ ሹራብ!» አሏት በመምህራኑ ፊት። «እኔ የማላውቀውን አንድ ነገር ከነገርሽኝ ትሄጃለሽ። ካቃተሽ ዕድሉ የሌላ ነው።»

ልጅቷ ፈገግ አለች።

«ፕሮፌሰር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ተምሬያለሁ። ስሜ ማን ነው?»

መምህራኑ ሳቃቸውን ለቀቁት። ፕሮፌሰሩ ጣሪያውን አዩ፣ ጢማቸውን አሻሹ፤ ከዚያ እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ ኪሳቸው ሰደዱ።

«አሁንማ ያንብቡት» አለች ልጅቷ። «የምትሄደዋን ተማሪ ስም መመዝገብዎ አይቀርም።»