ለሰርግም ለለቅሶም የሚሆን ጫማ

አንዲት ሴት ነበረች። አንድ ዓመት ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። በሬዋ ሞተ። ቀጥሎ ባሏ ሞተ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ዘመድ አልደረሰላትም። የውብዳር የምትባል ወዳጇ ብቻ ጋራውን በእግሯ አቋርጣ መጣች፤ ሠልስቱ እስኪወጣም ከጎኗ አልተነሣችም።

ሴትዮዋ፣ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ስትሸኛት እንዲህ አለቻት፦ «ብድርሽን በደስታ ለመመለስ ያብቃኝ።»

ይህን ቃል ሁላችሁም ትሉታላችሁ። ብላችሁ ምን አደረጋችሁ?

ዓመታት አለፉ። የውብዳር ሞጆ ገባች። ልጅ አልነበራትምና ቤቷ ሰርግ አልተደገሰም። ቃሉ ትርንጎ ልብ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ።

ታዲያ የትርንጎ ወንድም ልጅ አዳማ ላይ ልትዳር ሆነ። ትርንጎ ደሴ ከሚገኘው የከድር ሱቅ ጫማ ልትገዛ ሄደች። የሄደችው ሆን ብላ ወደ ማታ፣ እግሯ ሲያብጥ ነው። አውቶቡስ ላይ እግር እንደሚያብጥ ታውቃለች፤ ባበጠ እግር ለካች።

ከድር ወርቅማ ባለ ተረከዝ አወጣላት። «እትዬ፣ ይቺን አድርገው ከገቡ ሙሽራዋን ዞር ብሎ የሚያይ የለም!»

«ሙሽራዋ ትታይ። ጥቁር አምጣልኝ።»

የሚያብረቀርቅ ጥቁር አመጣ።

«ይሄ ለቅሶ ቤት ያሳፍረኛል።»

«ሰርግ አይደል እንዴ የሚሄዱት?»

«የምሄድበትን አንተ ታውቃለህ?»

በመጨረሻ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ጌጥ የሌለው፣ ሳያጎነብሱ የሚወልቅ አገኘች። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማሰሪያ ስትፈታ መቆየት አትወድም። አድርጋው ወጣችና ድንጋዩ ላይ ወዲያ ወዲህ አለች። ተመልሳ ሶሉን አጠፈችው፣ ዘረጋችው።

ከድር ሳቀ። «እትዬ፣ ጫማ ነው በቅሎ የሚገዙት?»

«በቅሎማ ሣር ትፈልጋለች» አለችና ገዛችው።

ሰርጉ ደመቀ። ትርንጎም ጨፈረች፤ ያ ጥቁር ጫማ ከሐበሻ ቀሚሷ ጋር አምሮባት ነበር። ምሳ እንደተነሣ አንድ እንግዳ ወሬ አመጣ፤ የየውብዳር እኅት አርፋለች፤ ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ሞጆ ነው።

የውብዳርን የሚያውቁ ሴቶች እግር እግራቸውን አዩ። «በዚህ ወርቅ ጫማ ቀብር? ሰው ምን ይለናል! ቤት ገብተን ቀይረን ለሠልስቱ እንደርሳለን።»

ትርንጎ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ጥለቱ ከእግሯ ወደ አንገቷ ወጣ። ሌላ የምትቀይረው አልነበራትም። ሚኒባስ ያዘች።

ወገኖቼ፣ ስለ ጫማ ነው እንዴ የምትነግረን ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ስለ ጫማ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆማ፣ ጤና ሳለች፣ ሰርግ እያሰበች፣ የሰው ኀዘን ያልረሳችን ሴት ተመልከቱ! እናንተ ስትመርጡ ማንን ታስባላችሁ? ቁም ሣጥናችሁን ክፈቱ። ልባችሁንም ክፈቱ። ለደስታ ብቻ የሚሆን ወዳጅነት ስንት አላችሁ? ዛሬ ቢጠሯችሁ፣ ከዘፈኑ መሐል ተነሥታችሁ፣ እንዳላችሁ መሄድ ትችላላችሁ? ወይስ ቤት ገብታችሁ ልትቀይሩ ነው?

ትርንጎ ሬሳው ሳይወጣ ደረሰች። ጥቁሩን ጫማ ደጃፉ ላይ አውልቃ ገባችና ከየውብዳር ጎን ተቀመጠች።

የውብዳር የትርንጎን እጅ አየች፤ ሂናው ገና ትኩስ ነው። «ከሰርግ ተነሥተሽ ነው የመጣሽው?»

«በደስታ ልመልስልሽ ነበር ሐሳቤ።»

«ተመልሷል» አለቻት የውብዳር፣ እጇን ይዛ። «ተመልሷል እኅቴ።»