የወጌሻዋ ኮረብታ

በግሪኮች ባሕር መካከል ባለችው በሌምኖስ ደሴት፣ አፈሯ እንደ ተቃጠለ ሸክላ የቀላ አንዲት ኮረብታ አለች። የመጀመሪያው ብረት ቀጥቃጭ ወናፉን የነፋው እዚያች አናት ላይ ነው ይባላል፤ ሆኖም የአገሬው ሰው የሚጠራት በቀጥቃጩ ስም ሳይሆን «የወጌሻዋ ኮረብታ» እያለ ነው። ሽማግሌዎቹ ምክንያቱን እንዲህ ያወሳሉ።

ጥንት ግሪኮች ብዙ አማልክትን በሚያመልኩበት ዘመን፣ የአማልክቱ ንግሥት ሄራ እግሩ የተጣመመ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ስሙ ሄፌስተስ ይባላል። ልጁ ነፍስ እያወቀ ሲሄድ እናቱ በአካሄዱ አፈረችና፣ አማልክቱ ከሚኖሩበት ከኦሊምፐስ ተራራ ቁልቁል ወረወረችው። እንደሚነገረው፣ ቀኑን ሙሉ ሲወድቅ ውሎ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሌምኖስ ዳርቻ አሸዋው ላይ ተዘረጋ።

ያገኘችው ሜሊታ የምትባል፣ ባሏ የሞተባትና ልጅ ያልወለደች ወጌሻ ነበረች። ጎረቤቶቿ ሮጠው መጥተው ከበቧት።

«ሜሊታ፣ ተይው! አማልክት የጣሉትን ብታነሺ ቁጣቸው ለሁላችን ይተርፋል!»

«የሰማዩን ጉዳይ ሰማይ ያውቃል፤ እኔ የማውቀው አጥንት ነው» አለችና አቅፋው ወደ ቤቷ ሄደች።

እግሩን በተሰበረ መቅዘፊያ ደግፋ አሰረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወለምታና ስብራት ይዞ ወደ ደጇ የሚመጣ ሰው ጠፋ፤ እሷም ከባሕሩ ዳር ዛጎል እየለቀመች፣ ሥጋውን እየቀቀለች አበላችው። ስብራቱ ገጠመለት፤ የጥንቱ ጥመት ግን አልቃና አለ።

«ይቅር በለኝ ልጄ፣ እጄ የሚችለው ይህን ያህል ነው» ብላ አለቀሰች።

«እማ፣ ቆሜያለሁ እኮ! አንቺ ባትኖሪ ማን ከአሸዋው ላይ ያነሣኝ ነበር?» አላት።

ሄፌስተስ አደገ፤ ትከሻው ሰፋ። ያን ጊዜ ኮረብታዋ ከሆዷ እሳት ታወጣ ነበርና፣ እግሩን እየጎተተ ወጥቶ ድንጋይ ሲቀልጥ አየ፤ የወጣለትንም ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ፣ ማጭድና የዓሣ መንጠቆ ሠራ። ጎረቤቶቹ ወሬውን ሰምተው መጡ፤ ግን አፍረው ራቅ ብለው ቆሙ። ሜሊታ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «ስጣቸው፤ ፈርተው እንጂ ክፉ ሆነው አይደለም» አለችው። ሰጣቸው፤ ሙያውንም አስተማራቸው።

ዝናው ኦሊምፐስ ደረሰና አማልክቱ ተመለስ ብለው መልእክተኛ ላኩበት። እሱ ግን «እናቴ እዚህ እያለች ወዴት እሄዳለሁ?» ብሎ መለሰው፤ የሄደውም ሜሊታ አርጅታ፣ በእጁ ከቀበራት በኋላ ነው ይላሉ። ሊሸኙት የወጡት ሰዎች ኮረብታዋን በስሙ ሊጠሯት እንዳሰቡ ቢነግሩት ራሱን ነቀነቀ።

«እሳቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ እኔን ያገኘችኝ ግን እሷ ናት። በእሷ ጥሩልኝ።»

እሳቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነው። ዛሬም ግን በኮረብታዋ ግርጌ ያለ ቀጥቃጭ የመጀመሪያ ሥራውን ሲጨርስ ለገበያ አያወጣውም፤ በክፉ ቀን ላነሣው ሰው ይዞ ይሄዳል። ለማን እንደሚሰጠው ሲጠየቅ ያመነታ ቀጥቃጭ፣ እንደሚባለው፣ እስካሁን አልታየም።