የምራቂው ምራቂ

በአንድ ወቅት፣ በቆላ አገር፣ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ተዘጋና የእግር ኳስ ቡድኑም አብሮ ፈረሰ። ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ እንዳይቀሩ ተብሎ የአካባቢው አሰልጣኞች ተሰበሰቡ። ዕጣ አውጥተው ተራ ያዙና አንድ አንድ ተጫዋች እያነሱ ተከፋፈሏቸው።

የመጨረሻው ተራ የወንዝ ማዶ ቡድን ነበር። ወንዝ ማዶ ከሁሉም በታች ያለ፣ በዚያ ዓመት ከወረደ ይበተናል የተባለ ቡድን ነው። ተራው ሲደርሰው የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ስሙ የታወቀ ቁመተ ረጅም ተከላካይ፣ ሌላው ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት የሚያይ፣ ጡሚሶ የሚባል ቀጭን ወጣት።

የወንዝ ማዶ አሰልጣኝ ጋሽ ጥላዬ፣ "ጡሚሶን" አሉ።

"ጋሼ፣ ተሳስተው እንዳይሆን!" አለ አንዱ አሰልጣኝ። "እሱ እኮ ምራቂ ነው። ሽንኩርት ሲገዙ ከላይ ጣል የሚደረግልዎት ዓይነት። ሰው ዋናውን ትቶ ምራቂ ይገዛል?"

ሁሉም ሳቁ። የወንዝ ማዶ ኮሚቴ ግን አልሳቀም። "ብንወርድ መጀመሪያ የሚባረሩት እርስዎ ነዎት" አላቸው። የጋሽ ጥላዬ ፊት ዐመድ መሰለ፤ ቃላቸውን ግን አላጠፉም። ጡሚሶ ለፋብሪካው ሲጫወት ሌሎቹ ሲያዩ የነበሩት ኳሱን ነው። እሳቸው ኳሱ የሌለበትን ቦታ ሲያዩ፣ ጡሚሶ ሁልጊዜ ቀድሞ እዚያ ቆሞ ያገኙታል፤ ኳሱም ቆየት ብሎ ወደዚያው ይመጣል። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን የጡሚሶ ስም ምራቂ ሆኖ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ልምምድ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ወለቀ። ሐኪሙ ዘንድሮ አይጫወትም አለ። ጋሽ ጥላዬም ተስፋ ቆርጠው፣ "እንግዲህ ወደ አገሩ ይሂድ" አሉ።

"የቱ አገሩ?" አሉ የቡድኑ ወጌሻ እትዬ ሸጊቱ። "እናት የለው፣ አባት የለው!" ከሜዳው ጀርባ ቡድኑ ወደ ሰጣቸው አንዲት ክፍል ወሰዱት። አልጋቸውን ለቀውለት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መሬት ተኙ። ጠዋት ማታ ቅቤ እየቀቡ ሲያሹት፣ "ጩህ፣ አትፈር! ስትጮህ ነው መዳንህን የማውቀው" ይሉታል። አንድ ቀን ጡሚሶ ሳያነክስ ውሃ ቀድቶ መጣ። እትዬ ሸጊቱ ጀሪካኑን ተቀብለው አለቀሱ።

የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ፤ ወንዝ ማዶ ከተሸነፈ ይወርዳል። አምበሉ ገረሱ ዕድሜው እየሄደ ነው፤ ሚስቱም እርጉዝ ናት። ከዋና ከተማው ትልቅ ቡድን አንድ ተጫዋች መልማይ የመጣው እሱን ሊያይ ነበር፤ ሌላ ዕድል እንደማያገኝም ያውቃል። ወንዝ ማዶ ሁለት ለባዶ እየተመራ ሳለ፣ ገረሱ ወደ መስመሩ መጣ።

"ጋሼ፣ እኔን ያውጡኝና ምራቂን ያስገቡት።"

ጋሽ ጥላዬ የጡሚሶ እግር ዳግም እንዳይወልቅ ፈርተው ከወንበር አላነሱትም ነበር። "አብደሃል? ሰውየው የመጣው ላንተ ነው!"

"አውቃለሁ። እግሬ ግን ዛሬ እምቢ ብሎኛል። ቡድኑ ከሚፈርስ እኔ ልቅር።"

ጡሚሶ ገባ፤ ሁለት አገባ። ሰው አበደ። ሊያልቅ ሲል ግን ወንዝ ማዶ ላይ ሦስተኛ ጎል ገባ፤ ቡድኑም ወረደና ተበተነ። ጋሽ ጥላዬን ያባረራቸው ኮሚቴ ስማቸውን ስላጠፋ ሌላ ቡድን አልቀበላቸው አለ። እትዬ ሸጊቱ ክፍሏን ልቀቁ ተባሉ። ገረሱ ያለ ቡድን ቀረ።

መልማዩ ግን ጡሚሶን ጠራው። "አንተን እንወስድሃለን። ብቻህን እንዳትሆን የራስህን ሰው ይዘህ ና፤ ቤትም ሥራም እንሰጠዋለን። አንድ ሰው ብቻ ግን!"

መኪናው በመጣ ጠዋት ሦስቱም ጓዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ተገናኙ።

"እኔ ባልመርጠው ማን ያውቀው ነበር?" አሉ ጋሽ ጥላዬ።

"መርጠውት መልሰው ጣሉት! ያነሳሁት እኔ ነኝ" አሉ እትዬ ሸጊቱ።

"እርስዎስ እትዬ፣ ማሸት ሥራዎ አይደል? እኔ የሰጠሁት የራሴን እንጀራ ነው" አለ ገረሱ።

"እግርህ እምቢ ብሎህ አይደል የወጣኸው!" አሉት ሁለቱም።

ገረሱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም። "አያችሁ ጉዳችንን? ምራቂ ለመሆን ተሰለፍን።"

ጡሚሶ ወደ ሾፌሩ ዞረ። "ሦስቱም ቢሄዱስ?"

"ወንድሜ፣ ወንበርማ ሞልቷል። የተባለው ግን አንድ ነው።"

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል። ጡሚሶ በአንድ እጁ በሩን ይዟል፤ ሌላው እጁ ባዶውን ተዘርግቷል። ሦስቱም ያንን እጅ ያያሉ። እኔም ፈርቼ እስካሁን አልፈረድኩም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ያ እጅ የማንን እጅ ይያዝ?