መደቧን ያልቀየረችው ጥጥ ነጋዴ

አንዲት ጥጥ ነጋዴ ነበረች። ስሟ እታፈራሁ ይባላል። ከቆላ ጥጥ በአህያ እየጫነች ወደ ደጋ ትወጣለች፤ ደጋ ላይ ለሸማኔዎች ትሸጣለች። ባሏ ልጃቸው ሳትወለድ ሞቶባታል። ልጅቷ አትጠገብ ጡት እንደጣለች ወባ ደጋግሞ ስለያዛት፣ እናቷ ደጋ ወስዳ ብርቄ ለምትባል ፈታይ አደራ ሰጠቻት። ብርቄ የሸማኔ ሚስት ናት፤ የራሷ ልጅ የላትም። አደራው ለአንድ ክረምት ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ ሌላ ክረምት መጣ። እንዲህ እያለ ልጅቷ ስድስት ዓመት ሆናት።

በዚያ አገር ወላጅ በልጁ ላይ ያለው መብት «ጥሪ» ይባል ነበር። ጥሪው በእጁ የሆነ ሰው ሲጠራ ልጅ «አቤት» ይላል። ልጁ የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚማር፣ ለማን እንደሚዳር የሚወስነውም ያው ሰው ነው። ወላጅ ጥሪውን በፈቃዱ ለሌላ መስጠት ይችላል። ግን ዳኛ ፊት ቀርቦ መናገር አለበት፤ አንዴ የተሰጠ ጥሪም አይመለስም።

እታፈራሁ አንድ የገበያ ቀን ጥጧን ለጎረቤቷ ለበርበሬ ነጋዴዋ አደራ ብላ ተነሣች።

«ወዴት ነው?» አለች በርበሬ ነጋዴዋ።

«ዳኛው ዘንድ።»

«አባ ለምን ዘንድ? እንግዲያው ስንቅ ያዢ። ባለፈው በሬ የጠፋበትን ሰው ለምን ጠፋ፣ ለምን በዚያ በኩል ሄደ እያሉ ሲጠይቁት በሬው ራሱ መጥቶ አገኘው አሉ።»

ዳኛው እውነትም ጥያቄ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ። ከገበያው ዳር በተሠራች ዳስ ውስጥ ተቀምጠው የመጣውን ሁሉ «ለምን?» ስለሚሉ አገሩ ስማቸውን ትቶ አባ ለምን ይላቸው ነበር።

«የልጄን ጥሪ ልሰጥ ነው የመጣሁት» አለች እታፈራሁ።

«ማን አስገደደሽ?»

«ማንም።»

«ያባበለሽስ?»

«የለም። እንዲያውም ብርቄ ስነግራት አለቀሰች። እሷ አልጠየቀችኝም።»

«ልጅቷን ትጠያታለሽ?»

«አባቴ፣ ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«የዳኛ ጥያቄ ነው። መልሺው።»

«በግራ ጎኗ ካልተኛች እንቅልፍ አይወስዳትም» አለች። «ነጎድጓድ ስትሰማ ጆሮዋን አይደለም የምትይዘው፣ ዓይኗን ነው። የፊት ጥርሷ ወለቀ ሲሉኝ ቆላ ሆኜ ድዴን አሞኛል። እንግዲህ እጠላት እንደሆነ እርስዎ ይፍረዱ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ባለፈው ስመጣ ሸንኮራ ይዤላት ነበር። ልጬ ሰጠኋት። እጇን ዘረጋችና መጀመሪያ የብርቄን ፊት አየች። ብርቄ ፈገግ ስትልላት ተቀበለችኝ። እራት ላይ ደግሞ ብርቄ ልታጎርሳት ስትል አፏን ከፍታ የኔን ፊት አየች። ጉርሻው እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔ እስክስቅላት አልጎረሰችም። ስመጣ ምግብ ትተዋለች፣ ስሄድ ያተኩሳታል። ከሁለታችን ማናችን እንዳይከፋን ስትመዝን ነው የምትውለው። አባቴ፣ መዳኘት የእርስዎ ሥራ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሥራ አይደለም።»

ዳሱ ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ተያዩ። አባ ለምን ዝም ሲሉ አይተው አያውቁም። ሽማግሌው በመጨረሻ ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ልጄን መልሺልኝ ማለት ትችያለሽ። ሕጉ ካንቺ ጋር ነው። ለምን እሱን አትይም?»

«እችላለሁ። ወስጄ የት ላኑራት? ቆላ ወባው አለ። መንገድ ላይ ጭነት ለጭነት ላንከራትታት? ሕጉ ከኔ ጋር ነው፤ ልጅቷ ግን ቤቷ እዚያ ነው።»

«ከሰጠሽ በኋላስ የት ትሆኛለሽ?»

ይህን መልስ አስቀድማ አዘጋጅታው ነበር። «ከወንዙ ማዶ ሌላ ገበያ አለ፣ እዚያ እሸጣለሁ። ስሜንም እቀይራለሁ። ፈጽማ ትርሳኝ።»

«ለምን?»

«እንዳትጨነቅ ነዋ።»

«የምትጨነቀው እሷ ናት ወይስ አንቺ?»

እታፈራሁ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ መልሳ ጠቀለለችው። «አንድ ቀን አድጋ መጥታ፣ ለምን ሰጠሽኝ ብትለኝ…» አለች።

«ይኸው ደረስንበት» አሉ ዳኛው። «ስሚ ልጄ። ልጅን መጥራት የወላጅ መብት ነው። መብትሽ ያንቺ ነውና ለሚገባው ሰው ስትሰጪ አልከለክልሽም፤ ያልሺኝን ሰምቼ መልካም ነው ብያለሁ። ልጅ ሲጠራሽ መመለስ ግን መብት አይደለም፣ ግዴታ ነው። እሱን የሚረከብሽ ሰው የለም። ብርቄም አትችልም፣ ለምን እንደሰጠሻት አንቺ እንጂ እሷ አታውቅም። ስለዚህ ስምሽን አትቀይሪም። ጥጥ ተራ ያለውን መደብሽንም አትለቂም። አንቺ አትጠሪያትም፤ እሷ ከጠራችሽ ግን ትገኛለሽ።»

«ሳትመጣ ብትቀርስ?»

«ትቀራለች። አንቺ ግን ተቀምጠሻል።»

በሚቀጥለው ገበያ ርክክቡ ሆነ። በአገሩ ልማድ ልጅ በርጩማ ላይ መሃል ይቀመጣል። ሰጪው ለመጨረሻ ጊዜ ይጠራል፣ ልጅ አቤት ይላል። ቀጥሎ ተቀባዩ ይጠራል፣ ልጅ አቤት ይላል። ያኔ አለቀ።

ብርቄ ከዳሱ በር ላይ የእታፈራሁን ክንድ ያዘች። «እኔ ስጠራት ዝም ብትለኝስ?» አለች በሹክሹክታ።

«አትልሽም።»

«በምን አወቅሽ?»

«እናንተ ቤት ሆኜ ስጠራት አንቺን እያየች ነው አቤት የምትለው» አለች እታፈራሁ። እንደ ቀልድ ነበር የተናገረችው፤ ሁለቱም ግን አልሳቁም።

እታፈራሁ ጠራች። «አትጠገብ።»

«አቤት» አለች ልጅቷ።

ብርቄ ጠራች። ድምጿ ተሰነጠቀ። ልጅቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት እንደ ልማዷ ዞር ብላ የእናቷን ፊት ፈለገች። እታፈራሁ ፊቷን ወደ ዳሱ ግድግዳ አዙራ ነበር። ትሳቅ፣ ታልቅስ ልጅቷ ማየት አልቻለችም። የምትመዝነው ነገር አጣች። ትንሽ ጠበቀችና ወደ ብርቄ ተመልሳ «አቤት» አለች።

በዚያን ቀን እራቷን ማንንም ሳታይ በላች ይባላል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት አለፈ። እታፈራሁ መደቧ ላይ ነበረች። መደቡ ደግሞ ከጥጥ ተራ ሁሉ የባሰው ነበር። ከኮረብታው የሚወርደው ነፋስ ቀጥ ብሎ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሌሎቹ ጥጥ ነጋዴዎች አንድ በአንድ ወደ አዲሱ መጠለያ ገቡ። እሷ ብቻ ጥጧን በድንጋይ እየተጫነች ቀረች።

«አንቺ ሴትዮ» ትላታለች በርበሬ ነጋዴዋ፣ «ጥጥ ነው የምትሸጪው ወይስ ደመና? ግማሹን ነፋስ ወሰደው እኮ። በርበሬዬ ላይ ያረፈውን ስለቅም ልውል ነው?»

«ነገ እነሣለሁ» ትላለች እታፈራሁ። አትነሣም።

ልጅቷን አንዳንዴ በሩቅ ታያታለች። ከብርቄ ጋር ስታልፍ፣ እንዝርት ስትገዛ፣ ቁመቷ የብርቄን ሲያልፍ። አትጠራትም። ስሟ ከአፏ ሊወጣ ሲል ጥጡን ትነካካለች።

አንድ ቀን አንዲት ወጣት ሴት ጥጥ ተራ ውስጥ ብቻዋን መጥታ ቆመች። ጥጡን አልነካችም፣ ዋጋ አልጠየቀችም። ከቆመችበት ሆና ጠራች።

«እታፈራሁ።»

በርበሬ ነጋዴዋ ቀና አለች። «ምነው የኔ ልጅ? ይህን የሚያህል ሰው በባዶ ስም ይጠራል? እትዬ ማለት ማንን ገደለ?»

እታፈራሁ ግን ከተቀመጠችበት ተነሣች። አሮጊት ለወጣት እንደምትመልስ «ወይ» አላለችም። ልጅ ለወላጁ እንደሚመልስ መለሰች።

«አቤት» አለች።

በርበሬ ነጋዴዋ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች።

ወጣቷ ቀረብ ብላ ጥጡን ከተጫኑት ድንጋዮች አንዱን አንሥታ መሬት ላይ አድርጋ ተቀመጠችበት። «ለምን?» አለቻት።

እታፈራሁ የተናገረችውን ማንም አልሰማም። ሸንኮራውን አንሥታለች ይላሉ፣ ተንጠልጥሎ የቀረውንም ጉርሻ። እንዳጠፋሁ የማስብባቸው ቀኖች ነበሩ፣ ልክ ነኝ የምልባቸውም ነበሩ፤ የቱ እንደሚበልጥ እስካሁን አላውቅም ብላታለች ይላሉ። ድንጋዩ ስለተነሣ ሾልኮ የወጣውን ጥጥ ነፋሱ በገበያው ሁሉ በተነው። ያን ቀን የለቀመችው በርበሬ ነጋዴዋ ናት፣ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ገበያው ሲበተን ወጣቷ ተነሣች። «እማ ቤት ትጠብቀኛለች» አለች። እማ ያለቻት ብርቄን ነው። ጥቂት ከተራመደች በኋላ ዞር አለች። «በሚመጣው ገበያ እዚሁ ነሽ?»

«እዚሁ ነኝ» አለች እታፈራሁ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው። ሰው በልጁ ላይ ያለውን መብት ሊሰጥ ይችላል፤ አንዳንዴም መስጠቱ ልጅን ከማይገባው ሸክም ያሳርፈዋል። ለሰጠበት ምክንያት መልስ የመስጠት ግዴታውን ግን ዳኛም ሕግም ሊያነሣለት አይችልም። መብቱን የሰጠ ሁሉ ልጁን ጣለ አይባልም። የጣለ የሚባለው ሲፈለግ የማይገኘው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተንም አንቺንም በስም ጠርቶ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖር ይሆናል። ዛሬ ቢመጣ መደባችሁ ላይ ያገኛችኋል?