ሃያ ሦስቱ ቁልፎች

ሥራ አስኪያጁ አቶ ገድለጊዮርጊስ ሰው አያምኑም። የመጋዘኑን፣ የማኅተሙን መሳቢያ፣ የሽንት ቤቱን ሳይቀር ሃያ ሦስት ቁልፍ ከመኪናቸው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ይዘው ይዞራሉ። ሽንት ቤት መሄድ የፈለገ ሠራተኛ ቢሯቸው ገብቶ ያስፈቅዳል።

አንድ ቀን መኪናቸው አልነሳ አለች። የተጠራችው መካኒክ ባትሪውን አየች፣ ደህና ነው። ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ በሽቦ አገናኝታ ሞከረች፣ ይዞራል። ቁልፉ የሚገባበትን ስትፈታው ግን ውስጡ ተበልቶ አልቋል። አዲስ ገጠመችላቸው፤ መኪናዋም ወዲያው ተነሳች።

አቶ ገድለጊዮርጊስ ግን አልተደሰቱም። ሠራተኛውን ሁሉ ግቢ ውስጥ አሰለፉና፣ «ይህ አሻጥር ነው» አሉ ወደ መካኒኳ ዞረው። «ማን እንዳበላሸው በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ። ካላቀረብሽ የአንቺን ስም እጽፋለሁ። እስከዚያ ማንም ንቅንቅ አይልም።»

ይህን እያሉ አዲሱን ቁልፍም እዚያው ቀለበት ላይ ሊያስገቡ ይታገላሉ።

መካኒኳ ሰልፉን አየች። የመዝገብ ቤቱ ጋሽ ድንበሩ እግራቸውን አጣምረው ላብ በላብ ሆነዋል።

«ጌታዬ፣» አለች እጇን በጨርቅ እየጠረገች፣ «ጥፋተኞቹ ሃያ ሦስት ናቸው። ከመኪናዋ ቁልፍ ጋር ተንጠልጥለው ሲወዛወዙ የቁልፍ መግቢያዋን በልተው ጨረሱት። ሁሉም እጅዎ ላይ ስላሉ አያመልጡም። አሁን ግን የሽንት ቤቱን ቁልፍ ቶሎ ለጋሽ ድንበሩ ይስጧቸው፤ አለዚያ ሁለተኛ ሪፖርት ልጽፍ ነው። በዚያኛው ጥፋተኛው ቁልፍ አይሆንም፤ ቁልፍ ያዡ ነው።»