የጅግራን ጩኸት ያልተማረው ግልገል

አንድ ጊዜ አህያ አስተማሪ ሆና ነበር። አትሳቁ፤ ጎበዝ አስተማሪ ነበረች! የፍየል ግልገሎችን፣ የጦጣ ልጆችንና የጅግራ ጫጩቶችን ዋርካ ሥር አንድ ላይ ታስተምራለች። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ «ጅብ መጣ!» እንዴት እንደሚባል ለጓደኞቹ ያሳያል። የጅግራዋን ጩኸት ግልገሉ ይደግማል፤ የግልገሉን ጦጣዋ ትደግማለች። ደስ ሲሉ!

አያ ጅቦ ግን ተቃጠለ። ብቅ ባለ ቁጥር አንዱ ይጮሃል፣ ሁሉም እግሬ አውጪኝ ይላል።

«ኧረ እመት ቀበሮ፣ በረሃብ ልሞት ነው!»

«አንተ ደግሞ ከሆድህ በቀር የሚሠራ ነገር የለህም። እኔ እለያያቸዋለሁ፤ ትርፍራፊውን ብቻ እንዳትረሳኝ።»

ቀበሮ ፍየል ቤት ሄደች። «እመት ፍየል፣ ልጅሽ እንደ ጅግራ ሲንጫጫ ሰማሁት። ነገ ደግሞ እንቁላል ሊጥልልሽ ነው?»

የፍየል ደም ፈላ። ቀበሮ ጅግራ ቤትም ሄዳ «ፍየሎቹ በጩኸታችሁ እያላገጡ ነው» አለች። ወላጆቹ ተሰብስበው ዋርካው ሥር ልጆቻቸውን የሚለያይ የእሾህ አጥር አጠሩ።

«እባካችሁ፣ ይሄ ትምህርት ጨዋታ አይደለም!» ብላ አህያ ለመነች።

«አንቺ ምን አገባሽ? ልጅ የለሽም!» አለቻት ፍየል። አባረሯት።

ከዚያ በኋላ ፍየል ሌላ ልጅ ወለደች፤ ስሙን ሸጋው አለችው። ሸጋው ከጅግራ ልጅ ጋር ተጫውቶ አያውቅም። አንድ ቀን አጥሩ ጥግ ብቻውን ቅጠል ሲለቅም፣ ከወዲያ ያለችው ጫጩት ጅቡን አየችና ጮኸች። ሸጋው ሳቀ።

«እማዬ እውነቷን ነው፣ እነዚህ ሲያስጠሉ!»

ጫጩቷ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። አልገባውም። አያ ጅቦ በጠራራ ፀሐይ አንጠልጥሎት ሄደ።

ፍየል እየጮኸች ደረሰች። «አንቺ ነሽ ጅቡን የጠራሽው!» ብላ ጫጩቷ ላይ ወረደችባት።

አህያም ሰምታ መጣች። «ልጅቷ ልታድነው ነው የጮኸችው! አሁን እንኳ አጥሩን እናንሳው፤ ገና ሌሎች ልጆች አሉ።»

ፍየል እንባዋን ጠረገች። «ይልቅ አጥሩ ይጨመር!» አለች።

ጨመሩት። እሾሁን እየጎተተች ያቀበለቻቸው ቀበሮ ነበረች፤ እነሱም አመሰገኗት።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር እንዳይማር የከለከለ ወላጅ በክፉ ቀን የሚጮኽለትን ወዳጅ ድምፅ እንዳያውቅ እንዳደረገው ነው።